ቅቤ ትቼ ኮሌስትሮሌ ለምን ጨመረ? የምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ሲመረመር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው፤ ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ለጤናዬ ብዬ ሥጋና ቅቤ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳዬ እዚያው ሰፈር የጾም በያይነቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጋቢኖ አስጨምራለሁ። ሰሞኑን ስመረመር ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 158፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 236፣ የደም ግፊቴ ደግሞ 146/92 ሆኖ ተገኘ። መጠጥ አልጠጣም፣ አላጨስም። ሐኪሙ «ቅባትና ጨው ቀንስ» አለኝ። እኔ የምበላው ምስርና ጎመን ነው፤ ቅባቱ ከየት መጣ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ምስሩንና ጎመኑን ነፃ ላውጣቸው። ጥራጥሬ በፋይበር የበለጸገ ነው፤ ፋይበሩም ኤልዲኤል እንዲወርድ የሚረዳ እንጂ የሚያስጨምር አይደለም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ ሁሉም ሊበሉ የሚገባቸው ናቸው። ስለዚህ «የጾም ምግብ አልሆነልኝም» ብለው ወደ ጥብስና ወደ ክትፎ እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ። መታየት ያለበት ከጥራጥሬው ጋር አብሮ ትሪው ላይ የሚወጣው ነው፤ ከሁሉም በፊት ዘይቱ፣ ቀጥሎ ጨው፣ ከዚያም የእንጀራው ብዛት። ሦስቱም የየራሳቸውን ቁጥር ውጤትዎ ላይ አስፍረዋል ብዬ አስባለሁ።

ዘይቱን በስሌት እንየው። አንድ ምግብ ቤት ለቀኑ ምስር ወጥ 3 ኪሎ ምስር፣ 5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ሊትር ተኩል ዘይት ተጠቀመ እንበል። ለትልቅ ድስት ይህ የበዛ ዘይት አይደለም፤ ብዙ ወጥ ቤት ከዚህ በላይ ያፈሳል። ወጡ ሲያልቅ ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ ትሪ ላይ የምትቀመጠው አንድ ጭልፋ 100 ግራም ገደማ ናት። አንድ ሊትር ተኩል ዘይት 1,380 ግራም ስለሆነ ለ120 ጭልፋ ሲካፈል በእያንዳንዱ ጭልፋ ውስጥ 11 ግራም ተኩል ዘይት አለ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ መሆኑን ያስታውሱ። ክክ አልጫውን 9፣ ሽሮውን 10፣ ጎመኑን 8፣ ጥቅል ጎመን በድንችና ካሮቱን 9፣ ፎሶሊያውን 8፣ ቀይ ሥሩንና ሰላጣውን አንድ ላይ 7 ብንላቸው ትሪው ላይ 62 ግራም ዘይት ተቀምጧል። ተጋቢኖ ሲጨመር፣ ሸክላው ከመውጣቱ በፊት ላዩ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢፈስበት፣ 90 ግራም እንደርሳለን። ከስድስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ዘይት በአንድ ምሳ። በትሪው ላይ ተበትኖ ስለሚመጣ ዓይን አይቆጥረውም፤ በብርጭቆ ተቀድቶ ፊትዎ ቢቀመጥ ግን አይጠጡትም ነበር።

ይህን ሁሉ ዘይት ወጥ ቤቶች የሚያፈሱት በክፋት አይደለም፤ ምክንያቱን ካወቁ ግን ምን ማዘዝ እንዳለብዎ ያውቃሉ። ሽንኩርት በደረቁ ሲቁላላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቆሞ ማማሰል ይጠይቃል። ዘይት ሲበዛበት ግን እንደ ጥብስ ቶሎ ይበስላል፣ ከድስቱ ሥር አይዝም፣ ወጥ ሠሪዋም ወደ ሌላው ምድጃ መሄድ ትችላለች። ሁለተኛው ምክንያት ወጡ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ በሙቀት መቆየቱ ነው፤ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት እንዳይደርቅና ቆዳ እንዳያወጣ ይሸፍነዋል። ሦስተኛው እኛው ደንበኞቹ ነን። ዘይቱ «ፊቱን ያወጣ» ወጥ የበሰለ፣ ያልተሰሰተበት ተደርጎ ይታያል፤ ዘይት ያነሰው «የደረቀ» ይባላል። ቅቤና ሥጋ ከሌለበት ድስት ውስጥ የጎደለውን ጣዕም በዘይትና በጨው መሙላት ደግሞ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው።

መጠኑ ካሎሪውን ያሳድጋል፤ ኤልዲኤሉን ይበልጥ የሚወስነው ግን የዘይቱ ዓይነት ነው። ሐኪሞች ሳቹሬትድ ፋት የሚሉትን ቅባት እዚህ «የሚረጋ ቅባት» እያልኩ ልቀጥል። በዚህ ቅባት የበለጸገ ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ነው። ከተማችን ውስጥ ሰዉ «የሚረጋው ዘይት» የሚለው የፓልም ዘይት ከቅባቱ ግማሽ ገደማው የሚረጋ ነው። የሱፍ ዘይት ከ100 ግራም 11 ያህሉ ብቻ፣ የአኩሪ አተር 15፣ የኑግም እዚያው አቅራቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋ ቅባት ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 22 ግራም ነው። አሁን ወደ ትሪዎ እንመለስ። 62 ግራሙ ዘይት ፓልም ከሆነ 30 ግራም ያህል የሚረጋ ቅባት በልተዋል፤ የቀኑ ልክ ምሳ ላይ አልፏል። ይህ መጠን ከሦስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ንጥር ቅቤ ውስጥ ከሚገኘው የሚረጋ ቅባት ጋር እኩል ነው። ቅቤውን ትተውት በሌላ በር ገብቷል። ያው 62 ግራም የሱፍ ዘይት ቢሆን ግን የሚረጋው ቅባት 7 ግራም ብቻ ይሆን ነበር።

«ጀሪካኑ ላይ ኮሌስትሮል የለበትም ይላል» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሳል። እውነቱን ነው፤ ከዕፅዋት የተገኘ የትኛውም ዘይት ኮሌስትሮል የለበትም ሊባል ይችላል። ነገር ግን በደምዎ ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚሠራው የራስዎ ጉበት ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምባቸው መያዣዎች አሉት፤ የሚረጋ ቅባት ሲበዛ መያዣዎቹ ይቀንሳሉ፣ ያልተለቀመው ኤልዲኤልም ደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኮሌስትሮል የሌለበት ዘይት ኮሌስትሮል ሊያስጨምር ይችላል። ጽሑፉ ውሸት አይደለም፤ የሚመልሰው ግን የእርስዎን ጥያቄ አይደለም።

የዘይቱን ዓይነት እንዴት ያውቃሉ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የፓልም ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ይገኛል። ምግብ ቤት ሲሆኑ ደግሞ ከበሉ በኋላ ትሪውን ሳያስነሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ጠርዙን ይመልከቱ፤ ዘይቱ ደብዝዞ ሰም መሰል ሽፋን ከሠራ፣ ከንፈርዎም ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ የሚረጋው ነው። እቤት ያለውን ለመፈተን ሁለት ማንኪያ በትንሽ ብርጭቆ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ፓልም ድርቅ ብሎ ያድራል፤ የሱፍ፣ የኑግና የአኩሪ አተር ዘይት ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የወይራና የለውዝ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ይወፍራሉ፤ እነሱ ግን ከፓልም ጋር አይመደቡም፣ የሚረጋ ቅባታቸው ዝቅተኛ ነው። በሌላ በኩል «ፓልም ኦሊን» የተባለው የተጣራ ዓይነት በቀን ሙቀት ጥርት ያለ ፈሳሽ ስለሆነ ያሳስታል፤ የሚረጋ ቅባቱ አሁንም ከ40 በመቶ አያንስም። ጽሑፉን ማንበብ ከዓይን ይሻላል።

ጨው ላይ ስንመጣ ነገሩ ከዘይት ይልቅ ስውር ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው አንድ ጊዜ ብዙ አያፈስም። በርበሬው ሲፈጭ ጨው አብሮ ተፈጭቷል። ሽሮውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ። ጠዋት ለሁሉም ወጥ የሚሆን አንድ ትልቅ ቁሌት ተሠርቶ ጨው ይገባበታል። ከዚያ ምስሩ ሲበስል እንደገና፣ ሲወጣ ደግሞ «ጨው አንሶታል» ተብሎ ሦስተኛ ጊዜ ይጨመራል። በዚህ ላይ ኪዩቧ የሾርባ ቅመም ትጨመራለች፤ የዚህች ኪዩብ ግማሽ ያህል ክብደቷ ጨው ነው። ከሁሉም የሚረሳው የመጨረሻው ነው፦ ወጡ እስከ ከሰዓት እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። በ6 ሰዓት የተመጠነ የነበረው ወጥ በ9 ሰዓት ጨዋማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾመው የሚበሉ ሰዎች የሚያገኙት ይህን ወጥ ነው።

ምላሳችን ጨው አለው የሚለው ወጥ 1 በመቶ ገደማ ጨው የያዘ ነው፤ በ100 ግራም ጭልፋ 1 ግራም ማለት ነው። ትሪው ላይ ስድስት ዓይነት የበሰለ ወጥና አትክልት ካለ 6 ግራም ጨው ይሆናል፤ አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ስልጆው ሳይቆጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ለቀኑ ሙሉ ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ቁርስና እራት ገና አልተበሉም። 146/92 ለሚለካ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልካሙ ነገር ጨው ሲቀነስ ግፊት በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል፤ ምላስም ጥቂት ሳምንት ከታገሡት ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር አልጫ አልጫ ይልዎታል፤ ያኔ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ይረዳሉ።

ትራይግሊሰራይዱ ሌላ መንገድ አለው። ይህኛው ቁጥር በዘይት ዓይነት ብቻ አይነዳም፤ ከሚያስፈልገው በላይ በተበላ ካሎሪና በተለይ በእህልና በስኳር ብዛት ይወጣል። አንድ ትልቅ እንጀራ 350 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 480 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ከሥር የተነጠፈው አንድ፣ በጥቅል የመጣው ግማሽ፣ አንዳንዴ «ጨምርልኝ» የተባለው ሌላ ግማሽ፤ ሁለት እንጀራ ሆነ፣ 960 ካሎሪ። የዘይቱን 560፣ የጥራጥሬውንና የአትክልቱን 370 ያህል ሲደምሩበት ምሳው ብቻ ወደ 1,900 ይጠጋል። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይህ የቀኑ ሙሉ ድርሻ ሊሆን ይችላል። ጎን ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ካለ ሌላ 30 ግራም ያህል ስኳር ነው፤ እሱን ዛሬውኑ ያቁሙት፤ እንደ ሌሎቹ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። የእንጀራውም ዱቄት ልዩነት አለው። ለንጣትና ለልስላሴ ሩዝ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ከንጹሕ ጤፍ ያነሰ ፋይበር አለው፤ ቶሎ ይፈጫል፣ ቶሎ ያስርባል። ያም ሆኖ የቀይ ጤፍ እንጀራ ነው ብለው ሁለቱን ቢጨርሱ ብዙ አይተርፉም። መጠኑ ይቀድማል።

አሁን ወደሚደረገው። በያይነቱን ጨርሶ መተው አያስፈልግዎትም፤ አበላሉን መቀየር ግን የግድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የሥረኛው እንጀራ ላይ ነው። ከየወጡ የሚወርደው ዘይትና ጨው ተጠራቅሞ የሚገኘው እሱ ውስጥ ነው፤ ጣፋጭነቱም ከዚያ የመጣ ነው። ከጥቅሉ እንጀራ እየቆረሱ ወጡን ከላይ ያንሱ፣ የረጠበውን ይተዉት። ቤታችን እንጀራ መተው ነውር ተብሎ ያደግን ስለሆነ ይህ ልብን ይከብዳል፤ መፍትሔው ከመጀመሪያው ትሪው ላይ ግማሽ እንጀራ ብቻ እንዲነጠፍ፣ ግማሹ ደግሞ በጥቅል ለብቻ እንዲመጣ ማዘዝ ነው። ጠቅላላ አንድ እንጀራ፤ ከዚያ በላይ አይጨመርም።

አስተናጋጁን «ዘይት ቀንሱልኝ» ማለት ብዙ አይሠራም፤ ወጡ ጠዋት ተሠርቷል። የሚሠራው ገና ያልተሠራውን መለየት ነው። ተጋቢኖ በትእዛዝ ስለሚሠራ «ዘይት ከላይ ሳይፈስበት» ይበሉ፤ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ታስቀርልዎታለች። ሽሮና ተጋቢኖ ደግሞ በአንድ ትሪ ላይ አይደራርቡ፤ አንዱ ይበቃል። ሰላጣው ሳይለወስ ከሎሚ ጋር ይምጣ። ከድስት የሚጨለፈው ወጥ ዘይቱ ከተንሳፈፈ «ገፋ አድርገው ከመሃል ያውጡልኝ» ማለት ይቻላል፤ የሚያውቁዎት ቤት ከሆነ ያደርጉታል። ዘይት ካልነካቸው ምግቦች ካሉ እነሱን ያስበዙ፦ አዚፋ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት፣ የተቀቀለ ቀይ ሥር። ሱፍና ተልባ ራሳቸው ቅባት አላቸው፣ ግን የማይረጋ ነው፤ ለእርስዎ ውጤት ይህ ጥሩ ምትክ ነው። ጥቅል ጎመን በድንች፣ አትክልት ስለሆነ ቀላል ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ከምስሩ የማያንስ ዘይት የሚይዘው እሱ ነው፤ ድንቹ ይመጠዋል።

ጾመኛ ነኝ ብለው የሚጠብቁት ቀን ካለ ከምግብ ቤቱ ውጭ ያሉትንም ልጥቀስ። የጾም ኬክና የጾም ብስኩት ቅቤ የላቸውም፤ በምትኩ የሚገባው የሚረጋ የአትክልት ቅባት ወይም ማርጋሪን ነው። በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ትራንስ ፋት ይይዛል፤ ይህ ኤልዲኤልን ከፍ አድርጎ ጥሩውን ኮሌስትሮል ኤችዲኤልን የሚያወርድ ከቅባት ሁሉ የከፋው ነው። ሳምቡሳና ፓስቲ ቀኑን ሙሉ በሚፈላ ዘይት የተጠበሱ ናቸው። ከቡና ጋር የሚወሰደውን አንድ ቁራጭ የጾም ኬክ በገብስ ቆሎና በለውዝ ቢተኩት ይሻላል፤ ለውዙ ጨው ያልበዛበት ይሁን።

በሳምንት ሁለት ቀን ምግብ ቤት፣ ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ቢያደርጉት ቁጥሮችዎ ላይ የሚታየው ልዩነት ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ምስር ወጥ በልኩ ላስቀምጥ። አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በቢላ ደቅቆ ይከተፍ፤ በማሽን ከተፈጨ ውሃው ቶሎ ወጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ጣዕሙም ይጎመዝዛል። ወፍራም ሥር ባለው ድስት ያለ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ ይጣድና ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይከደን፣ ራሱ ውሃ ያወጣል። ከዚያ ተከፍቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ዘይት ያፈሳል። ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆንና ሽታው ወደ ጣፋጭነት ሲለወጥ ያን ጊዜ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የማይረጋ ዘይት፣ ቀጥሎ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይገባል።

ዘይቱን ጨርሶ መተው ለምን አልመከርኩም? የበርበሬው ቀለምና ማቃጠል በቅባት ውስጥ የሚሟሙ ናቸው። ምንም ዘይት ከሌለ ቁሌቱ ፈዛዛ ይሆናል፣ የጥሬ በርበሬ ሽታም አይለቀውም። ለዚህ ሥራ ግን ሦስት ማንኪያ ይበቃል። በርበሬው እሳት ቀንሶ ሩብ ሰዓት፣ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ይብሰል፤ በደረቁ ከያዘው ይመራል፣ ከመረረ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም። ከዚያ የታጠበ ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ይጨመርበታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጥራጥሬ ቆላ ላይ ከሚፈጅበት በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ለምስር ክክ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል፤ የአተር ክክ ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢዘፈዘፍ ይሻላል። ጨው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ሁለት ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ብቻ፤ በርበሬው ጨው ያለው ከሆነ አንዱ ይበቃል። ይህ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ወጥ ይወጣዋል። በጭልፋ ሲካፈል 2 ግራም ዘይትና ግማሽ ግራም ጨው ነው፤ ከላይ ካሰላነው የምግብ ቤት ጭልፋ ዘይቱ ከአምስት እጥፍ በላይ፣ ጨዉ በግማሽ ያነሰ።

ሽሮው ላይ ዘዴው ይለያል። ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ላይ ሲበተን ይጓጉላል፤ ጓጉላውን ለመፍታት ብለው ዘይት የሚጨምሩ አሉ። ይልቅ ሽሮውን አስቀድመው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ለስልሶ ያፍሱት። ለሦስት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከቁሌቱ ሁለት ማንኪያ፣ እሳቱ ቀንሶ ሃያ ደቂቃ እየተማሰለ ይንተክተክ። ሳይበስል የወረደ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ያንን ጥሬነት ነው ብዙ ጊዜ በዘይት የሚሸፍኑት።

ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚጠቀም ለማወቅ ምግብ መመዘን አያሻም። አራት ሰው ላለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ከ50 ቀን በፊት ማለቅ የለበትም፤ 5 ግራም ለአንድ ሰው በቀን ማለት ነው። ዘይት ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢፈቀድ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ስድስት ሳምንት መቆየት አለበት። የተከፈተበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። በሦስት ሳምንት ካለቀ የት እንደሄደ ወጥ ቤት ውስጥ ይፈልጉት። ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን፤ አሞሌ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ መለወጡ ለግፊት ምንም አይጠቅምም፣ አዮዲኑን ግን ያሳጣል። ሶዲየሙ ተቀንሶ ፖታሲየም የተተካበት ጨው ለብዙ ሰው ይረዳል፤ የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

ስለ ምርመራው። ትራይግሊሰራይድ ከምሳ በኋላ ከተለካ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ደሙ የተወሰደው ስንት ሰዓት ሳይበሉ እንደነበር ያስታውሱ። ሲደግሙት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ምንም ሳይበሉ፣ ስኳር ያለው ሻይና ቡናም ሳይቀምሱ ይሂዱ፤ ውሃ ይፈቀዳል። ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ከስኳር በሽታ ወይም ከታይሮይድ መድከም ጋር ሊመጣ ስለሚችል የሦስት ወር የስኳር ምርመራ፣ የታይሮይድ ሆርሞንና ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) አብረው እንዲታዩ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ግፊቱን አንድ ቀን ብቻ ተለክቶ አይፈርዱበት። እቤት ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ይለኩ፦ ቡና ሳይጠጡ፣ አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ተደግፈው ተቀምጠው፣ እግር ሳያጠላልፉ፣ ክንድዎ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ዐርፎ። በእያንዳንዱ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪውን አማካይ ይያዙ። እቤት የተለካው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩበት ነው። 180/120 ካዩና ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መድከም ካለ ምሳውንም ምርመራውንም ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የታዘዘልዎት መድኃኒት ካለ ምግቡን ስላስተካከሉ ብቻ በራስዎ አያቋርጡት። አባትዎ ወይም ወንድምዎ ከ55 ዓመት በፊት፣ እናትዎ ወይም እህትዎ ከ65 ዓመት በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ አጋጥሟቸው ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ 158 የሆነውን ኤልዲኤል የሚያይበትን ዓይን ይለውጠዋል። የዘይቱን ዓይነት፣ የእንጀራውን መጠንና ጨዉን ከዛሬ ጀምሮ ካስተካከሉ፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የደሙን ምርመራ እዚያው ላቦራቶሪ ያስደግሙት፤ ላቦራቶሪ ከቀየሩ ልዩነቱ ከምግቡ ይሁን ከመሣሪያው መለየት ያስቸግራል። እስከዚያው ነገ ምሳ ላይ ሲቀመጡ የሚያዙት ይህ ይሁን፦ ግማሽ እንጀራ ትሪ ላይ፣ ግማሽ በጥቅል፤ ተጋቢኖ ካለ ሽሮ አይኖርም፣ ዘይትም ከላይ አይፈስበትም፤ ሰላጣው ከሎሚ ጋር፤ የሚጠጣው ውሃ።